በ31 ዓመት ጀማሪ

ታናሽ እህቴ ከ12 ዓመት የባንክ ሥራ በኋላ ልብስ ስፌት መማር ጀምራለች። ማታ ማታ፣ ከሥራ ስትወጣ። አብረዋት የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ 18 እና 19 ዓመታቸው ነው። እሑድ ለቡና ተሰብስበን ይህን ስትነግረን እናታችን ስኒ እየደረደረች "አሁን በዚህ ዕድሜሽ?" አለች። እኔ ደግሞ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ሳቅሁ። "ባንኩ ምን አጎደለብሽ?" ብዬም ጨመርኩበት። እህቴ መልስ አልሰጠችኝም። ሁለተኛው ሳይፈላ ተነሥታ ሄደች።

ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ትዝ ያለኝ ማይክል ጆርዳን ነው። አትሳቁ፤ ምክንያት አለኝ።

እኔና እኩዮቼ ጆርዳንን ያወቅነው በሳልባጅ ልብስ ነው። ቀይ ቲሸርት፣ የተቆጣ ኮርማ ፊት፣ 23 ቁጥር። አንድም ጨዋታውን አይተን የማናውቅ ልጆች ስሙን ጀርባችን ላይ ተሸክመን እንዞር ነበር። 45 ቁጥር ለብሶ፣ በአላባማ ሙቀት ዱላ ይዞ ቆሞ፣ ኳሷ ስታልፈው ስለሚያያት ጆርዳን ግን የነገረን አልነበረም። እኔም ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 የጆርዳን አባት ጄምስ ጆርዳን በሰሜን ካሮላይና መንገድ ዳር መኪናቸውን አቁመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ከቀናት በኋላ፣ በጎረቤት ክፍለ ግዛት ረግረግ ውስጥ ነበር። በወንጀሉ ሁለት ወጣቶች ተፈረደባቸው። ልጃቸው ከቺካጎ ቡልስ ጋር ሦስተኛ ተከታታይ ዋንጫውን ካነሳ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። በጥቅምት ወር ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ቅርጫት ኳስ በቃኝ አለ። 30 ዓመቱ ነበር፤ በጉልበቱም በችሎታውም ጫፍ ላይ።

አባትየው የቤዝቦል ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በግቢያቸው ኳስ ያስቀልቡት ነበር፤ ማይክልም በ12 ዓመቱ የመጀመሪያውን ትልቅ ሽልማት ያገኘው በቅርጫት ኳስ ሳይሆን በቤዝቦል ነው። ትልቅ ሰው ከሆነም በኋላ አባትየው ያንን ጨዋታ እንዲሞክር ይወተውቱት እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። አባቱ በሕይወት እያሉ አላደረገውም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ በየካቲት 1994፣ ከቺካጎ ዋይት ሶክስ ጋር ፈረመ። የቡድኑ ባለቤትና የቡልስ ባለቤት አንድ ሰው ስለነበሩ በሩን መክፈቱ አላስቸገረም።

ሰዉ ምን አለ? ሰው ምን የማይል አለ! ቁማር ስለሚወድ በምስጢር ታግዶ ነው የሚል ወሬ ተነሣ፤ ማስረጃ ግን እስከ ዛሬ አልቀረበለትም። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው ታላቅ የስፖርት መጽሔት ዱላውን በአየር ላይ ስቶ ሲወዛወዝ የሚያሳይ ፎቶ ሽፋኑ ላይ አውጥቶ፣ ጨዋታውን ታዋርደዋለህና ሰብስበህ ሂድ የሚል ርዕስ ሰጠው። ጆርዳን ከዚያ በኋላ ለዚያ መጽሔት ቃለ ምልልስ አልሰጠም። ቂሙ ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፤ ግን ደግሞ አባቱን የቀበረ ሰው ነውና አልፈርድበትም።

ለዋናው ሊግ ገና ስለሆነ ወደ ታችኛው ሊግ ላኩት። ከዋናው ሁለት ደረጃ ዝቅ ወዳለው፣ በርሚንግሃም ባሮንስ ወደሚባል የአላባማ ቡድን። ደመወዙ በወር 850 ዶላር። ቡልስ የቀድሞ ደመወዙን መክፈሉን ስላላቆመ በችግር አልኖረም፤ ይህን ካላነሣሁ አጋነንኩ ማለት ነው። ቡድኑ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ እየተጓዘ ይጫወታል። በግል አውሮፕላን የለመደው ሰው እግሩን አጥፎ ከ20 እና 22 ዓመት ልጆች ጋር ካርታ እየተጫወተ ሄደ። ልጆቹ እሱን በቲቪ እያዩ ያደጉ ናቸው። ሜዳ ላይ ግን አስተማሪዎቹ እነሱ ሆኑ።

ቤዝቦልን ለማታውቁ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 18 ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። ኳሷ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ስትወረወር መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም። በዚያች ቅጽበት መቺው ቀጥ ብላ የምትመጣ ናት ወይስ መንገድ ላይ የምትታጠፍ የሚለውን ለይቶ፣ ክብ ዱላ በክብ ኳስ ላይ ማሳረፍ አለበት። ይህ በጉልበት አይመጣም፤ የሚመጣው ዓይን በሺህ የሚቆጠር ኳስ ካየ በኋላ ነው። እኩዮቹ ያንን ኳስ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያለማቋረጥ ሲያዩ ነበር። ጆርዳን ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዲህ፣ ለ13 ዓመት ያህል፣ አላየውም። ቁመቱም ጠላቱ ሆነ። ወርዋሪው ኳሷን እንዲያሳልፍበት የሚፈቀድለት ቦታ የሚለካው በመቺው ጉልበትና ደረት መካከል ስለሆነ፣ ወደ ሁለት ሜትር ለሚጠጋ ሰው ዒላማው ሰፊ ነው። በቅርጫት ኳስ ንጉሥ ያደረገው አካል እዚህ ዕዳ ሆነበት።

አጀማመሩ መልካም ነበር። በ13 ተከታታይ ጨዋታዎች ቢያንስ አንድ አንድ ኳስ መታ። ወሬው ግን ወርዋሪዎቹ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም፦ ቀጥታውን ይመታል፣ የሚታጠፈውን አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚታጠፈውን ብቻ ሰጡት። ሳምንታት ሙሉ እየሳተ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየሳተ ከረመ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በሰው ፊት ነው፤ እሱን ለማየት በዚያ ዓመት ብቻ ከ467 ሺህ በላይ ተመልካች ወደ ባሮንስ ሜዳ ገብቷል። እህቴ ስትሳሳት የሚያዩዋት አሥራ አምስት ልጆችና አንዲት አስተማሪ ናቸው።

አሠልጣኙ ቴሪ ፍራንኮና፣ ኋላ ቦስተንን ለዋንጫ ያበቁት ሰው፣ ስለዚያ ክረምት ሲጠየቁ የሚያነሡት ትጋቱን ነው። ከጨዋታ በፊት ይመታል፣ ከጨዋታ በኋላ ይመታል፣ እጁ እስኪላጥ። የዓለም ቁጥር አንድ የነበረ ሰው እግርህን እዚህ አድርግ፣ ክንድህን አታጥብቅ ሲባል "እሺ" እያለ። እኔን የነካኝ ይኼ ነው። እኔ በሥራዬ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የኮምፒውተር ነገር ሲያሳየኝ እንኳ "አውቄዋለሁ፣ አውቄዋለሁ" እላለሁ። አላውቀውም።

ሐምሌ 30 ቀን 1994 የመጀመሪያውን ሆም ረን መታ፤ ኳሷ አጥር ተሻግራ ወጣች። መስመሩን ዞሮ ሲጨርስ እጆቹን ወደ ሰማይ ቀሰረ። በማግሥቱ የአባቱ ልደት ነበር፤ ቢኖሩ 58 ዓመት ይሞላቸው ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ውጤቱ እነሆ፦ 127 ጨዋታ፣ 3 ሆም ረን፣ 30 የተሰረቁ ቤዞች፣ መምታት አቅቶት የተመለሰባቸው 114 ጊዜያት። የመምታት አማካዩ ነጥብ 202። በዚያ ጨዋታ ይህ ደካማ ውጤት ነው። በመከር ወቅት አሪዞና ውስጥ ለተስፈኛ ልጆች በተዘጋጀ ሊግ ሲጫወት ግን ወደ ነጥብ 252 ከፍ አለ። ፍራንኮና ጊዜ ቢሰጠው ዋናው ሊግ ይደርስ ነበር ብለው ያምናሉ። ሌሎች አያምኑም። እኔ ሁለተኛው ዓመት ቢኖር ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ፤ ግን አልነበረም። በነሐሴ የዋናው ሊግ ተጫዋቾች ሥራ አቆሙ፤ የዓመቱ የዋንጫ ፍልሚያም ተሰረዘ። በቀጣዩ የጸደይ ወቅት ባለቤቶቹ በአድማ ላይ ባሉት ተጫዋቾች ምትክ ሌሎችን ሊያሰልፉ ሲሰናዱ ጆርዳን በጓደኞቹ አድማ ላይ አልሻገርም ብሎ ሻንጣውን አነሣ። መጋቢት 18 ቀን 1995 ወደ ቅርጫት ኳስ መመለሱን በሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አስታወቀ። በአማርኛ አንድ ይበቃዋል፦ ተመልሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሦስት ተጨማሪ ዋንጫ ወዘተ። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዳሸነፈ ስለምናውቅ ሽንፈቱን ይቅር እንለዋለን። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ሳስበው የነበረው አንድም ዋንጫ ባይጨምር ኖሮ ምን እንል ነበር የሚለውን ነው።

በሚቀጥለው እሑድ እህቴ ቡና ላይ አልመጣችም። እኔ ሄድኩ። በረንዳው ላይ የተከራየቻት አሮጌ የስፌት መኪና አለች፤ አጠገቧ ኮሌታው በአንድ በኩል የተንጋደደ ሸሚዝ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ አፌ ላይ የመጣው ጆርዳን ሆነ። አባቱን፣ አውቶቡሱን፣ የሚታጠፈውን ኳስ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ፔዳሉን ሳታቆም ሰማችኝ።

"ታዲያ ስንት አመጣ፣ ጋሼ?" አለችኝ።

"ሁለት መቶ ሁለት።"

"ከስንት?"

"ከሺህ።"

መኪናዋን አቆመች። ጣቶቿን በአፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። ከዚያ ሸሚዙን ወረወረችልኝና "ለካው እስቲ" አለችኝ። ትከሻው ላይ ትንሽ ይጠበኛል።