ለዓሣዋም ተራ እንስጣት

ባለፈው መስከረም አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ከጉደር ወንዝ ያወጣው ዓሣ ነው፤ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተደርድሯል፣ ሃያ ይሆናል። ከሥሩ "ቲቸር፣ ሥራ ጀመርኩ" ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ "ጎበዝ! በርታ!" ብዬ መለስኩለት። ልጁ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በአምቦና በአዲስ አበባ መካከል ሥራ ፍለጋ ሲመላለስ ነው የከረመው። ታዲያ ደስ ቢለኝ ይፈረድብኛል?

ማታ ፎቶውን ደግሜ ሳየው ግን ደነገጥኩ። የተሰነጠቁት ዓሦች ሆዳቸው እንቁላል ሞልቷል። እንግዲህ እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ! ለዚህ ልጅ ስለ ዓሣ መራባት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። "በርታ" ያልኩትም እኔው።

በማግስቱ ደወልኩለት። እሱ እቴ! "ቲቸር አይጨነቁ፣ ቢያልቅ ከሰበታ ጫጩት አምጥተው ይጨምሩበታል" አለኝ። ይህን መልስ ከእሱ ብቻ አይደለም የሰማሁት። ትልልቅ ሰዎችም ይሉታል። ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩትም ስለዚህችው መልስ ነው።

መጀመሪያ ጣና ላይ የሆነውን ላስታውሳችሁ። እዚያ ነጭ ዓሣ የሚሉት፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደግሞ ቢልጫ የሚባለው የዓሣ ወገን አለ። ጣና ውስጥ ካሉት ዝርያዎቹ 15 የሚሆኑት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውኃና ጠጠር ያለበት ገባር ወንዝ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማለት ነው። ዓሣ አጥማጁም ይህን ያውቃል። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ወደ ላይ ያለፉትን ደግሞ ገበሬው ብርብራ ወቅጦ ውኃው ውስጥ ይበትንና ሲያዞራቸው ይለቅማቸዋል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ እናቲቱንም ልጇንም አንድ ላይ ነው የሚያነሳው።

ውጤቱስ? ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት ተመራማሪዎች ለጥናት በሚጎትቱት መረብ የሚገባው ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከአራቱ ሦስቱ ጠፋ ማለት ነው። በአሥር ዓመት! ለምን ቢባል፣ የሚያዘው ዓሣ ለመውለድ ሲሰበሰብ ነው የሚያዘው። አንዷን እናት ስታወጣ የምታወጣው አንድ ዓሣ አይደለም።

"ጫጩት ይጨመርበታል" ለሚሉ ደግሞ አሜሪካን ላንሳ። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ስቲልሄድ የሚባል ዓሣ አለ። ትራውት ነው፤ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወይብ ወንዝ ውስጥ ከተለቀቀው ትራውት ጋር አንድ ዝርያ ነው። ልዩነቱ፣ ስቲልሄድ ወንዝ ውስጥ ተወልዶ ባሕር ወርዶ ያድግና ለመውለድ ወደዚያው ወንዝ መመለሱ ነው። አሜሪካኖች የዓሣ ማባዣ ጣቢያ ከሠሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ገንዘቡም እውቀቱም አላቸው። እንዲያም ሆኖ በብዙ ወንዞች የዱሩ ስቲልሄድ ዛሬ በሕግ "ለመጥፋት የተቃረበ ወይም የሚያሰጋ" ተብሎ ተመዝግቧል። ኦሪገን ውስጥ በሁድ ወንዝ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ጣቢያ ውስጥ ያደገ ዓሣ ወንዝ ሲገባ ዘር የመተካት አቅሙ በየትውልዱ በ40 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ አሳይቷል። ገንዳ ውስጥ ምግብ እየተበተነለት ያደገ ዓሣ የወንዙን ኑሮ ከየት ይማረው?

ስለዚህ ምን አደረጉ? የጣቢያውን ዓሣ ከመልቀቃቸው በፊት ጀርባው ላይ ካለችው ትንሿ ክንፍ ይቆርጡለታል። አጥማጁ ክንፏ የተቆረጠ ዓሣ ከያዘ ይወስዳል፤ ክንፏ ሙሉ ከሆነች የዱር ናትና በብዙ ወንዞች መልሶ መልቀቅ ግዴታው ነው። ማባዣ ጣቢያ ያላቸው ሰዎች እንኳ እናቲቱን ይለቃሉ።

የእኛ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ትልቅ ሥራ የሚሠራ ተቋም ነው፤ አላቃልለውም። ግን በዋናነት የሚታወቀው በምንድን ነው? በቆሮሶ፣ ማለትም በቲላፒያ ጫጩት። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ የምታሳድግ፣ ሞቅ ያለና ረጋ ያለ ውኃ የምትወድ ዓሣ ናት። ከጉደር ያወጣኸውን ቢልጫ ጨርሰህ ቆሮሶ ብትጨምርበት፣ ላም አርደህ በምትኳ ዶሮ እንደማምጣት ነው። ዶሮ መጥፎ ናት አላልኩም። ላሟን ግን አትተካም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የፌደራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ግን አዋጅ ወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። የሚጠብቀው የወንዙ ሰው ነው።

ልጁ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እውነቱን ነው። "እሺ ቲቸር፣ እስከ ጥቅምት ምን ልብላ?" ይህን ጥያቄ ሳልመልስ "አታጥምድ" ብዬ ብቻ ብመክረው ግብዝ እሆናለሁ። እኔ ደሞዝ አለኝ፣ ትንሽም ብትሆን። እሱ የለውም።

የእኔ ሐሳብ ይኸው። የሰበታ ጫጩት ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ኩሬ ውስጥ ይግባ። ደጋው ለቆሮሶ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ቆላው በኩል ግን አራት አምስት ልጆች ተደራጅተው ኩሬ ቢቆፍሩ፣ ወረዳው መሬትና የመጀመሪያውን ጫጩት ቢያግዛቸው፣ ወንዙ በሚዘጋበት ጊዜ የሚሸጡት ይኖራቸዋል። ወንዙ ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መረብ አይግባበት። ብርብራና አጎበር እስከ ወዲያኛው ይቅር።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሐሮ ወንጪ የመጣችሁ ታውቃላችሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ፈረስ የሚጫነው በተራ ነው። ተራው ያልደረሰ ሰው ፈረሱን ይዞ ቁጭ ይላል። ራሱ ስለቸገረው የሌላውን ተራ አይነጥቅም፤ ከነጠቀ ነገ ሁሉም እንደሚነጥቅና ሥራው እንደሚፈርስ ያውቃል። ለፈረስ ያወቅንበትን ለዓሣዋ እንዴት አቃተን? በዓመት አራት ወር የእሷ ተራ ይሁን፤ ስምንቱ የእኛ።

ያ "ጎበዝ! በርታ!" ያልኩት መልእክት እስካሁን ቴሌግራሜ ላይ አለ። አላጠፋሁትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝና ማረሚያውንም እዚሁ በአደባባይ ጻፍኩት። ጉደር፣ ሁሉቃና ወልጋ ዳር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በእናንተ በኩል ነገሩ እንዴት ነው? ኩሬ የሞከረ ካለም ይጻፍልን፤ ልጁ ያነበዋል።