«ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?»

በምዝገባው ቀን ከዘመሮ የመጣነው ሴቶች ሰልፍ ይዘን ቆመን ነበር። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢው ቀና ብለው አንዷን ጓደኛችንን «ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» አሏት። «የለም፣ የምመዘገበው እኔ ነኝ» ብትላቸው «አንቺ? በዚህ ዕድሜሽ?» አሉ። «እርስዎ» የተባለችው ሴት ባንድ አፍታ «አንቺ» ሆነች። እናት ስትሆን የተሰጣት አክብሮት፣ ተማሪ ነኝ ስትል ለምን ተነሣባት? ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ጥያቄ ነው።

እኛ 40 ዓመት ግድም የሆነን፣ ልጆች አሳድገን ወደ መምህርነት ሥልጠና የገባን ሰልጣኞች ነን። የመንዝን ደጋ የሚያውቅ ኑሯችንን ያውቀዋል። ገብስ ቆልተናል፣ የበግ ፀጉር ፈትለን ለባና አድርሰናል፣ ጠላ ጠምቀን ለልጆች ደብተር ገዝተናል። ትምህርታችንን አቋርጠን ተዳርን፤ ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉ በማታ ተምረን የተቋረጠውን ቀጠልን። አሁን ሥራ ልንለውጥ ነው። ታዲያ «ካረጁ አይበጁ» የሚሉን አልጠፉም።

እስቲ በሒሳብ እንነጋገር። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። በ38 ዓመቷ ገብታ በ41 የተመረቀች ሴት 19 ዓመት ታስተምራለች ማለት ነው። በዓመት 50 ሕፃናት ብትይዝ 950 ልጆች ፊደል ያስቆጠረች ትሆናለች። የዕድሜ ልክ የጡረታ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል፤ እሷ ከዚያ እጥፍ ሊሞላ አንድ ዓመት ብቻ የሚጎድለው አገልግሎት ይኖራታል። ይህ ነው «ጊዜው አልፎባታል» የሚባለው?

ነገሩም ለአገራችን አዲስ አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቶቻችን ልጅ አዝለው ከፊደል ገበታው ፊት ተቀምጠዋል። በጣት አሻራ ይፈርሙ የነበሩት በብዕር ስማቸውን ጻፉ። ያኔ «አረጃችሁ» ብሎ የመለሳቸው ቢኖር ኖሮ እኛን ማን ወደ ትምህርት ቤት ይልከን ነበር?

ይሁን እንጂ ሐቁን እንናገር። አንዳንድ ወገኖች ሊያመሰግኑን ሲሉ «እናት እኮ የተፈጥሮ አስተማሪ ናት» ይላሉ። ይህን አንቀበልም። ልጅ ያሳደገ ሁሉ መምህር ከሆነ የዚህ ተቋም መኖር ምን ይጠቅማል? በእርግጥ የምናውቀው አለ። ጧት ጧት «ሆዴን አመመኝ» የሚል ልጅ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ እንደሆነ ወይም ጓደኛውን ፈርቶ እንደሆነ ከዓይኑ እንለያለን። ነገር ግን አምስቱን በእጃችን ያሳደግነውና ሃምሳውን ባንድ ክፍል የምንይዘው አይመሳሰሉም። የትምህርት ዕቅድ ማውጣት፣ ንባብ ያቃተውን ልጅ ለይቶ መርዳት፣ ምዘና ማዘጋጀት የሚገኘው በሥልጠና ነው። ሂሳብ ላይ ከወጣቶቹ ኋላ መቅረታችንንም አንደብቅም። ደግሞ «የተፈጥሮ አስተማሪ» የሚለው ውዳሴ መዘዝ አለው፤ ሳንጠየቅ ሁላችንንም ለ«ኦ ክፍል» ብቻ መድቦ ያስቀራል። ሕፃናትን ማስተማር ክብር ነው፤ ግን ሳይንስ ማስተማር የምትፈልግ ካለች በውጤቷ ትመዘን።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የልጅ ማቆያ ይታሰብበት። ከእኛ ውስጥ የመጨረሻ ልጇን ጡት ያላስጣለች አለች። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ይደነግግ ነበር። ሰልጣኝ ግን ሠራተኛ አትባልምና በዚህ መካከል ወድቃ ቀርታለች። አንድ ባዶ ክፍልና አንዲት ሞግዚት ቢገኙ ስንቷ ሥልጠናዋን ከማቋረጥ ትድን ነበር!

ሁለተኛ፣ ለሂሳብ የማጠናከሪያ ሰዓት ይመደብ። ሰዓቱም እራት ተሠርቶ ልጅ ከተኛ በኋላ ሳይሆን ቀን ይሁን።

ሦስተኛው ለወጣት የክፍል ጓደኞቻችን ነው። «እትዬ» ስትሉን ደስ ይለናል፤ ከወግ ነው። ግን የቡድን ሥራ ሲከፋፈል «እትዬ ይረፉ» አትበሉን። ለማረፍ አልመጣንም።

ባሎቻችንንም አንርሳ። አንዳንዱ ሚስቱ ለሥልጠና ከዘመሮ ስትወጣ ምጣዱን ለትልቋ ሴት ልጁ አስረከበ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። ይህ ከሆነ እናቲቱ የተማረችው በልጇ ደብተር ነው፤ እኛ ያቋረጥነውን ልጃችን ደግማ ልታቋርጠው ነው። ሽሮ መሥራት ለወንድ የሚከብድ ሙያ አይደለም፤ እኛም ተምረነው እንጂ ከእናታችን ሆድ ይዘነው አልወጣንም። በዚህ ላይ ቤት ለቤት መነጋገር ያስፈልጋል እንላለን፤ ማቆያውም የሂሳቡም ሰዓት ቢገኝ ይህ ካልተስተካከለ ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቱ ናት።

ለመዝጋቢውም ቂም የለንም። በሚመጣው ዓመት ጠና ያለች ሴት ከጠረጴዛቸው ፊት ስትቆም አስቀድመው «ማን ልበል?» ብለው ስሟን ቢጠይቁ ይበቃናል።