የጃፓን ሰማያዊ፦ የእጅ ጥበብ ወይስ ሳይንስ?

በሳይንስ ትምህርት ዓለም ሥር የሰደደ አንድ አመለካከት አለ። ይኸውም አንድ ነገር በፋብሪካ መመረት ከቻለ የቀድሞው የእጅ ጥበብ ከቤተ መዘክር ያለፈ ቦታ አይኖረውም የሚል ነው። አመለካከቱ ትክክል አለመሆኑን የጃፓን የኢንዲጎ ቀለም ጥበብ በሚገባ ያሳየናል ብለን እናምናለን።

እ.ኤ.አ. በ1874 ወደ ጃፓን የሄደው እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዊሊያም አትኪንሰን የሕዝቡ ልብስ በብዛት ሰማያዊ መሆኑን ተመልክቶ ቀለሙን «የጃፓን ሰማያዊ» ሲል ጠርቶታል። የቀለሙ ዋነኛ ምንጭ በሺኮኩ ደሴት የሚገኘው የጥንቱ የአዋ ግዛት፣ የዛሬው ቶኩሺማ ነው። የዮሺኖ ወንዝ እየሞላ የሚያመጣው ለም ደለል ለኢንዲጎ ተክል እጅግ ተስማሚ ነበርና።

ገበሬዎቹ ቅጠሉን አድርቀው ይከምሩታል፤ ውኃ እያርከፈከፉና እያገላበጡም 100 ቀን ያህል ያብላሉታል። ውጤቱ «ስኩሞ» ይባላል። ቀለም ነካሪው ደግሞ ስኩሞውን መሬት ውስጥ በተቀበረ ጋን ከአመድ በተጣራ ውኃ፣ ከኖራና ከስንዴ ፉርሽካ ጋር ይጠነስሰዋል። የጥንስሱንም መድረስ በሽታውና በአረፋው ቀለም ይለያል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ኢንዲጎ በውኃ አይሟሟም፤ ስለዚህ እንዳለ ወደ ክሩ ሊዘልቅ አይችልም። በጋኑ ውስጥ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ግን ለእያንዳንዱ ሞለኪዩል ሁለት ኤሌክትሮኖች በመስጠት ወደሚሟሟ ቢጫማ ውሁድ ይለውጡታል። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ መስሎ ይታያል፤ የአየሩ ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን መልሶ ሲወስድ ግን ሰማያዊ ይሆናል። ኢንዲጎ የሞገድ ርዝመቱ 600 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ብርቱካናማ ብርሃን ስለሚውጥ፣ ለዐይናችን የሚደርሰው በአብዛኛው ሰማያዊው ነው። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ሲጨመሩለት የሚውጠው ብርሃን ወደ ሐምራዊው ጫፍ ይሸጋገራል።

ጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር የሞለኪዩሉን አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ1883 ደረሰበት። በ1897 የቢኤኤስኤፍ ኩባንያ ሰው ሠራሹን ኢንዲጎ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ የጃፓን የኢንዲጎ እርሻ እያሽቆለቆለ ሄደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም መሬቱ ለምግብ ሰብል በመፈለጉ ተከለከለ። ጥበቡ ለዛሬ የበቃው ዘሩን ጠብቀው ባቆዩ ጥቂት ገበሬዎች ትጋት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን መለየት ይገባል። አንዳንዶች የተፈጥሮው ኢንዲጎ ከፋብሪካው የተለየ ምሥጢር አለው ይላሉ። ይህ እውነት አይደለም፤ የኢንዲጎው ሞለኪዩል አንድ ነው። ሌሎች ደግሞ ሞለኪዩሉ አንድ ከሆነ ጋኑ ምን ይሠራል ይላሉ። ይህኛው ስሕተት ይብሳል። ፋብሪካው ኢንዲጎን የሚያሟሟው በአብዛኛው በሶዲየም ዳይትዮናይት ሲሆን፣ ከዚህም የሚወጣው ፍሳሽ በሰልፈር ጨዎች የተበከለ ነው። ጋኑ ግን ይህንኑ ተግባር በባክቴሪያ ይፈጽማል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች ከኢንዲጎ ጥንስስ ውስጥ ኢንዲጎን የሚያሟሟ አዲስ የባክቴሪያ ዝርያ ለይተው አልካሊባክቴሪየም ሳይክሮቶለራንስ ብለውታል። ጋኖቹ ቀደም ብለው ተደፍተው ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ ባልተነሣ ነበር።

በእርግጥ ጋኑ ዝግተኛ ነው፤ የዓለምን ጂንስ ሁሉ ሊያቀልም አይችልም። ባለሙያዎቹም «እንዴት» የሚለውን እንጂ «ለምን» የሚለውን አልመለሱም። ነገር ግን «ለምን» ብሎ ለመጠየቅ በመጀመሪያ «እንዴት» የሚለውን ጠብቆ ያቆየ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ውድ ተማሪዎቻችን፣ ማንኛውንም የቆየ ሙያ «ኋላ ቀር» ከማለታችሁ በፊት ቴርሞሜትራችሁንና የፒኤች መለኪያችሁን ይዛችሁ ወደ ባለሙያው ሂዱ፤ መዝግቡ፤ ጠይቁም እንላለን። ባለሙያው ካለፈ በኋላ የምንለካው ነገር አይኖረንምና።