የኩምሳ ሞረዳ ደብዳቤዎች በነቀምቴ ይነበቡ

ነቀምቴ ላይ የቀድሞው ገዥ የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ) ሞረዳ ስም ከተነሣ ጨዋታው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን አገር አሳልፈው ሰጡ ይላቸዋል፤ ሌላው ሕዝቡን ከእልቂት አዳኑ ይላል። እኔ ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ነገር ግን ሁለቱም የሚዘሉት ሰው አለ።

ነገሩ ከአያታቸው ከበከሬ ጎዳና ይጀምራል። በከሬ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተቀናቃኞቻቸውን እየረቱ የሌቃ ነቀምቴን ግዛት አቆሙ። ልጃቸው ሞረዳ ሲተኩ ጎጃምም ሸዋም ዓይናቸውን በምዕራቡ ወርቅ፣ ዝሆን ጥርስና ቡና ላይ ጥለው ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጦር አዛዣቸው ራስ ጎበና የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረጉ። ሞረዳ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይተው ለሸዋ ገቡ፤ ክርስትና ተነሡ፣ ደጃዝማች ተባሉ፣ አገራቸውንም ራሳቸው ማስተዳደራቸውን ቀጠሉ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1889 ሲያርፉ ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ወረሱና እስከ 1910ዎቹ ዓ.ም. ገዙ።

አባትና ልጅ ለሸዋ መገበራቸው ፍርሃት ነው ለሚል ሰው የወላይታውን ካዎ ጦናን ማስታወስ ይበቃል። ጦና በ1887 ዓ.ም. በጀግንነት ተዋጉ፤ አገራቸው ግን ከዘመኑ ጦርነቶች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱን አየች። የጅማው አባ ጅፋር ግን ገብረው ዙፋናቸውን አቆዩ። ሌቃ ነቀምቴም የሄደችው በዚያ መንገድ ነው፤ በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ መንገድ ነበር ብዬ አላምንም።

ያተረፉት ራስ ገዝነት ፍሬ አፍርቷልም። ኦነሲሞስ ነሲብ የተረጎሙትንና በ1891 ዓ.ም. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው በ1896 ነቀምቴ ሲገቡ የተቀበሏቸው ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። ኦነሲሞስ ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ አስተማሩ። ካህናት ተነሡባቸው፣ ክሱ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ትምህርቱ ግን ሥር ሰዶ ነበር። በባላባቱ ፈንታ ከሌላ አገር የመጣ ሹም ነቀምቴን ቢገዛ ኖሮ ያ ትምህርት ቤት በሩን ይከፍት ነበር ወይ? አይመስለኝም።

አሁን ወደተዘለለው ሰው ልምጣ። የራስ ገዝነቱ ዋጋ ግብር ነበር፤ ወርቅ፣ ዝሆን ጥርስ፣ ቡና። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ ያጠበው፣ ቡናውን የለቀመው፣ ጭነቱን የተሸከመው ገባሩ ነው። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሲመጣ ደጃዝማቹ ወደ ታች ያወርዱታል፤ ከታች ግን የሚያወርድበት ሌላ ሰው የለም። ደጃዝማቹን ስናመሰግንም ስንወቅስም ይህን ሰው ከሒሳቡ እናወጣዋለን።

እሱን ለማግኘት ደግሞ ሰነድ አለን። ደጃዝማቹ ከሸዋ ቤተ መንግሥት ጋር የተጻጻፏቸው የአማርኛ ደብዳቤዎች በቤተሰባቸው ተጠብቀው ቆይተው፣ ብዙዎቹን የታሪክ ተመራማሪዎቹ አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋቸዋል። በፈረንሳይ የቡርጎኝ መስፍኖች የሒሳብ መዛግብት ዛሬም በዲዦንና በሊል ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ተመራማሪው የመስፍኑን ድግስ ብቻ ሳይሆን ድግሱን የከፈለውን ገበሬ ከዚያ ያነብባል። የእኛም ከዚያ አያንስም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የደብዳቤዎቹ ቅጂ በነቀምቴው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ለጎብኚ ይታይ፤ ከአጠገቡ የአፋን ኦሮሞ ትርጉሙ ይቀመጥ። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ደብዳቤዎቹን ይዘው ወደ ነጆ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ አርጆ ይውረዱና ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ። ስለ ወርቅ አጠባው፣ ስለ ሸክሙ፣ ስለ ግብሩ የሚነግሯቸውን ይመዝግቡ። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ ሥራው በዚህ በጋ ቢጀመር ይሻላል።