ከተለጣፊው በፊት ባትሪው ይታይ

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲጀመር በየመኝታ ክፍሉ አዲስ ቦርሳ ይዞ የሚገባ ሠልጣኝ አይጠፋም። ቦርሳው ይከፈታል፣ ላፕቶፑ ይወጣል፣ የክፍሉ ሰው ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ኮር አይ ስንት ነው?» መልሱ «ሰባት» ከሆነ ባለቤቱ ይከበራል። «አምስት» ከሆነ ዝም ይባላል። «ሦስት» ካለማ የሚስቅበት አይታጣም። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ክብደቱ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ የተበላሸ እንደሆን ማን እንደሚጠግነው የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ የምነቅፈው ይህንን አጠያየቅ ነው።

ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንድ ጸሐፊ «ለአስተማሪ ስልክ ይበቃዋል፤ ላፕቶፕ ጌጥ ነው» ብለው ነበር። አባባላቸው ጭራሽ ሐሰት አይደለም። ሞጁል ለማንበብ፣ መልእክት ለመላላክ፣ ፎቶ ለማንሳት ስልክ ይበቃል። ዳሩ ግን የተግባር ምርምር ሪፖርት በስልክ ለመጻፍ የሞከረ ሰው እንደዚህ አይልም። ሠንጠረዡ ይፈርሳል፣ የገጹ ቁጥር ይጠፋል፣ አንዱን አንቀጽ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ለማዛወር ጣት ይዝላል። የትምህርት ዕቅድ በአምስት ዓምድ ማዘጋጀት፣ የስድሳ ተማሪ ውጤት መደመር፣ ፈተና አውጥቶ ለኅትመት ማድረስ ደግሞ የአስተማሪ የዘወትር ሥራ ነው። ስለዚህ ዕቃው ያስፈልጋል። ክርክሬ የትኛው ዕቃ በሚለው ላይ ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። የአንዱ አባት ወይፈን ሸጠው ነው፤ የሌላዋ እናት ዕቁብ ወጥቶላቸው ነው፤ የአንዳንዱም እህት ከአረብ አገር ልካ ነው። ዕቃው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋው የት እንደ ደረሰ ገበያ የወጣ ያውቀዋል። ተሳስቼ ብገዛ ሌላ ይገዛልኛል የሚል ከመካከላችን ስንት ሰው አለ?

በራሴ የደረሰውን ልናገር። አንደኛ ዓመት ሳለሁ አጎቴ በሰጡኝ ገንዘብ ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ስክሪኑ 15.6 ኢንች፣ ፊቱ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ፣ የእጅ ማሳረፊያው ላይ «ኮር አይ 7» የሚል ተለጣፊ ያለበት ነበር። ሻጩ ተለጣፊውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ይኼ እኮ ሞተር ነው!» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ለፕራክቲከም ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስንመደብ ግን ሞተሩ ከሶኬት ከተነቀለ ሃያ ደቂቃ አይቆይም ነበር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ መብራት የለውም። ዕቅዴን ሁሉ በእጄ ጻፍኩ። ላፕቶፑን ቤት ትቼው እንዳይሰረቅ ስለፈራሁ በየቀኑ ተሸክሜው እወጣለሁ፣ ተሸክሜው እመለሳለሁ፤ ከሁለት ኪሎ በላይ የሚመዝን የሞተ ዕቃ! ሪፖርቱን የጨረስኩት ጓደኛዬ ሲተኛ ጠብቄ በእሱ ላፕቶፕ ነው። አጎቴ እስከ ዛሬ «ያ ዕቃ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ «ደኅና ነው» እላለሁ።

ቆይቼ ስመረምረው የተለጣፊው ነገር ራሱ ሌላ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። አይ 3፣ አይ 5፣ አይ 7 የሚለው ስም በየትውልዱ እየተደገመ የመጣ ነው። ቁጥሩ የሚያወዳድረው የአንድ ትውልድ ወንድማማቾችን ነው እንጂ አያትን ከልጅ ልጅ ጋር አይደለም። ትውልዱን የሚናገረው ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። የኔው አይ 7-7500ዩ ሰባተኛ ትውልድ ሲሆን ኮር የሚባለው የሥራ ክፍል ያለው ሁለት ብቻ ነው። ከእሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይ 5-8250ዩ ግን አራት አለው። ታዲያ የትኛው ነው «ሞተሩ»? ይህ ሁሉ በግልጽ ተጽፎ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ጥፋቱ ሳልጠይቅ የገዛሁት የኔው ነው።

ስምንተኛው ትውልድ በሌላም ምክንያት መለያ ድንበር ሆኗል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶቹ በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ዕቃዎች በይፋ አይቀበልም። ገበያ ውስጥ አምስተኛና ስድስተኛ ትውልድ በርካሽ ሲቀርብላችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሊኑክስ ለሚያውቅ ሰው እነዚያም ገና ብዙ ያገለግላሉ፤ ለማያውቅ ግን አልመክርም።

አሁን ወደ ባትሪው ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። እንደ ውኃ ጀሪካን አስቡት፦ ጀሪካኑ 48 ዋት ሰዓት ቢይዝ፣ ላፕቶፑ ጽሑፍ ስንጽፍበት 8 ዋት ቢወስድ፣ ስድስት ሰዓት ይሠራል። ያው ባትሪ አርጅቶ መያዝ የሚችለው ግማሹን ከሆነ ሦስት ሰዓት ነው። ለጨዋታ ተብለው የተሠሩት ደግሞ ቻርጀራቸው ብቻ 150 ዋትና ከዚያ በላይ ነው፤ ቻርጀሩ ራሱ ጡብ ያህላል። የመብራት ነገር በከተማም ቢሆን የምናውቀው ነው። ከተመረቅን በኋላ የምንመደብበት ወረዳ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ማን ያውቃል? ስለዚህ ባለ አይ 7 ሆኖ ሁለት ሰዓት ከሚቆየው ባለ አይ 5 ሆኖ ስድስት ሰዓት የሚቆየውን እመርጣለሁ፤ ሳላመነታ!

ከባትሪው ጋር አብሮ የሚታይ አንድ ቀዳዳ አለ፦ ዩኤስቢ ሲ። በዚህ ቀዳዳ ቻርጅ የሚደረግ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ቢጠፋ ከጎረቤት አልጋ መዋስ ይቻላል፤ በቂ ኃይል በሚሰጥ ፓወር ባንክም ይሞላል። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ በውስጡ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ አንድ ሙሉ ቻርጅ ሊሰጥ ይችላል። ፓወር ባንኩ ለላፕቶፕ የሚሆን፣ ፒዲ የሚባለው ዓይነት፣ መሆን አለበት። ለስልክ ብቻ የተሠራው አያነሣውም።

ክብደትን የሚንቁ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኦስቦርን 1 የተባለው ኮምፒዩተር «ተንቀሳቃሽ» ተብሎ ሲሸጥ 11 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ ባትሪም አልነበረውም። የዚያን ዘመን ሰው ይህን ችሎት ይሆናል። ዛሬ ግን ባለ 14 ኢንች ሆኖ ከ1.4 እስከ 1.6 ኪሎ የሚመዝን እያለ በእግር ሰዓት ለሚሄድ አስተማሪ ምን ዕዳ አለበት? መንገዱም ይታሰብ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው የአውቶቡስ ንረትና መውደቅ ይጎዳዋል። ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ፍጥነቱም አይወዳደርም። 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም ለእኛ ሥራ በቂ ነው። አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለው ብሎ የሚያስጎመዣችሁ ሻጭ ቢኖር «ፊልም ልጭንበት አይደለም» በሉት። (ፊልም የሚጭን መኖሩን አልክድም።)

እንግዲህ ስም ጥራ ብባል፣ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው ወደ ገበያ ከሚመጡት ውስጥ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490ና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 የመሳሰሉትን እጠራለሁ። ሦስቱም 14 ኢንች፣ ስምንተኛ ትውልድ የሚገኝባቸው፣ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረጉ ናቸው። መልካቸው ጥቁርና ግራጫ፣ ለፎቶ የማይሆን ነው። ግን ክዳናቸው ይፈታል፣ ባትሪያቸው ይቀየራል፣ ኤስኤስዲያቸውም ይለወጣል፤ ቲ480ማ ሁለተኛው ባትሪው ከውጭ ተነቅሎ የሚተካ ነው። በዚያው ዋጋ የሚሸጠው አዲስና ርካሹ ዕቃ ብዙውን ጊዜ 4 ጊጋባይት ራም ከቦርዱ ጋር ተበይዶበት ይመጣል፤ አይጨመርም። አዲስ ስለሆነ ብቻ ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ገንዘብ ያስበላል።

ያገለገለ ዕቃ ግን ሳይመረመር አይገዛም። ሱቁ ውስጥ ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ሥሩበት፤ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ። ዊንዶውስ ባትሪው ሲሠራ የነበረውንና አሁን የቀረውን አቅም ጎን ለጎን የሚያሳይ ሪፖርት ያወጣል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሲበራ ወደ ባዮስ ግቡ። የምሥጢር ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተዉት፤ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ቁልፍ አለበት ማለት ነው። የፊደል ገበታውንም ልብ በሉ። ከጀርመን የመጣው ዋይና ዜድ ተለዋውጠውበታል፤ ከፈረንሳይ የመጣውማ ሌላ ዓለም ነው። ማጠፊያውን ክፈቱና ዝጉ፣ የፕሮጀክተር መሰኪያውን ሞክሩ፣ ሁሉንም ፊደል አንድ በአንድ ተጫኑ። ደረሰኝም ተቀበሉ።

ስለ አማርኛ ጽሕፈት ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም አቀፍ ፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም እስከ ዛሬ በድሮ የፊደል ፕሮግራም ጽፎ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ አለ፤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ሙሉው ገጽ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። ያ ጽሑፍ አልጠፋም፤ ፊደሉ የሌለበት ቤት ገብቶ ነው። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ ስላለው ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉበት። ከየፍላሹ የሚገለበጠው የተሰበረ ፕሮግራም ደግሞ ቫይረስ ይዞ እንደሚመጣ የኮምፒዩተር ክፍላችን ምስክር ነው።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ፤ በድፍረት አይቆጠርብኝ። «በኮምፒዩተር ያልተጻፈ ሥራ አልቀበልም» የሚለው ትእዛዝ በተሰጠ ማግሥት ነው ብዙው ሠልጣኝ ተቻኩሎ፣ ሳይመርጥ፣ ከደላላ እጅ የሚገዛው። የጊዜ ገደቡ ሦስት ቀን ከሆነ ገበያውን ማን ይጠይቃል? የአንደኛው ዓመት ሥራ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ቢታረም፣ የኮምፒዩተር ክፍሉም እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ቢከፈት፣ ሰው ዓመቱን አስቦበት በክረምቱ ይገዛል። ቤቱ አቅም የሌለውም ሠልጣኝ ከክፍሉ ፊት አያፍርም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀጥ አድርጎ መጻፍ የማይችል አስተማሪ እያፈራን መሆኑንም በዚህ አጋጣሚ አስታውሳለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከክፍላችን ሁለት ልጆች ለግዢ ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሌላ የሚገዛ ካለ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በዋናው በር ይገኝ። የባትሪው ሪፖርት የሚወጣበትን ትእዛዝ ጽፌ በመኝታ ክፍላችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ መገልበጥ ይቻላል፣ መገንጠል ግን አይቻልም።