ቀኑ ታትሟል፤ ቅዝቃዜውስ የት አለ?

ስለ ወተት መጻፍ ለተማሪ መጽሔት የማይመጥን ጉዳይ መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ይዞታ እንድንጽፍ የሚጠብቁብን ብዙዎች ናቸው። ይሁንና ሕዝብ በየዕለቱ የሚጠጣውና ለሕፃናቱ የሚያጠጣው ነገር ከነዚህ ታላላቅ ርእሶች የሚያንስ አይደለም። ባለሥልጣንና ነጋዴ ለሰው ያላቸው አክብሮት ከንግግራቸው ይልቅ በአንድ ብርጭቆ ወተት ሊመዘን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ በተለይም በአዳማ፣ የላስቲክ ወተት ከሱቅ መግዛት የተለመደ ሆኗል። በላስቲኩ ላይ አንድ ቀን ታትሟል። ገዢው ቀኑን ያያል፤ ካላለፈ ከፍሎ ይወስዳል፤ ካለፈ ይመልሳል። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ያ ቀን ብቻውን የሚነግረን ነገር በጣም ጥቂት ነው እላለሁ። ቀኑ ውል ነው፤ ውሉም ቅድመ ሁኔታ አለው። «ይህ ወተት ከፋብሪካ ወጥቶ ከአፍህ እስኪደርስ በ4 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ከተያዘ እስከዚህ ቀን ይቆያል» ማለት ነው። ቅድመ ሁኔታው ከፈረሰ ውሉም ፈርሷል፤ የቀረው በላስቲክ ላይ የተረጨ ቀለም ነው።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ፋብሪካው ወተቱን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ይገባል። ፓስቸራይዝድ የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳዊው ሊቅ ከሉዊ ፓስተር ስም ነው። ወተቱ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ይሞቅና ወዲያው ይቀዘቅዛል። ይህ ሙቀት የሳንባ ነቀርሳን፣ የብሩሴሎሲስንና የመሳሰሉትን ጀርሞች ይገድላል። ሁሉንም ግን አይፈጅም። ሙቀት የሚችሉ አንዳንድ ተሐዋስያን ይተርፋሉ፤ ብርድ ሲያገኙ ያንቀላፋሉ፤ ሙቀት ሲያገኙ ይነቃሉ። ከነዚህ አንዱ በሚመቸው ሙቀት በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል እንበል። መነሻው አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ከዐሥር ሰዓት ቆይታ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ይገኛል። ስሌቱን የተጠራጠረ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይሞክረው።

አሁን ደግሞ ካርታውን እንመልከት። በጎረቤታችን በአርሲ ደጋ የወተት ልማት የቆየ ታሪክ አለው። በ1947 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት ለኢትዮጵያ 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ሰጠ፤ ዘመናዊ የወተት እርባታ በአገራችን የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ይባላል። በ1967 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በስዊድን ርዳታ በአሰላ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ የተዳቀሉ ጊደሮችን ለገበሬው ማዳረስ ጀመረ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። አዳማ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአሰላ ተነሥቶ በኢተያና በዴራ በኩል ወደ አዳማ የሚወርድ ወተት ከብርድ ወደ ሙቀት የሚወርድ ወተት ነው። ከባቱና ከመቂ ሱቆች የሚደርሰውም ከዚህ የተሻለ አየር አይጠብቀውም። በደጋ ከተማ ለጥቂት ሰዓት ሳይበላሽ የሚቆየው ወተት በሸለቆው ቀትር ያንኑ ያህል አይቆይም። ላስቲኩ ላይ ያለው ቀን ግን ለደጋውም ለቆላውም አንድ ነው።

በሱቁ ደጃፍ ምን ይሆናል? ወተቱ በጠዋት በካሳ ይወርዳል። ባለሱቁ እስኪከፍት፣ ሒሳብ እስኪተሳሰብ፣ ፍሪጁ ውስጥ ቦታ እስኪገኝ ድረስ ካሳው ከደጅ ይቀመጣል። ፍሪጁም ቢሆን ከለስላሳና ከውኃ ጋር ታጭቆ በሩ በየደቂቃው ይከፈታል። መብራት ይጠፋል፤ ይመጣል፤ እንደገና ይጠፋል። ለመብራት የሚከፍለው የበዛበት ባለሱቅ ማታ ሶኬቱን ነቅሎ ጠዋት መልሶ ይሰካዋል። ገዢው ጠዋት ሲመጣ ላስቲኩን በእጁ ይነካዋል፤ ቀዝቃዛ ነው። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ግን የሚነግረው የለም። በጾም ወራት ደግሞ ገዢ ስለሚቀንስ ያልተሸጠው እዚያው ይሰነብታል። ባለሱቁን ብቻ ለመክሰስ አልተነሣሁም፤ እሱም በጥቂት ትርፍ የሚኖር ሰው ነው። ነገር ግን ስንጥቁ የት እንዳለ ካላወቅን ልንደፍነው አንችልም።

እናቶቻችን ወተትን ያለ ጠባቂ ትተውት አያውቁም። በአርሲም ሆነ በሸዋ ቅሉ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ወተት የሚገባበት ከዚያ በኋላ ነው። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ የጀርሞችን መራባት ያዘገያል። ከዕለቱ የተረፈው ይረጋል፤ እርጎው ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፤ አሬራውም ተሞቆ አይብ ይሆናል። የእርጎው ኮምጣጣነት ራሱ ዘበኛ ነው፤ ብዙዎቹ ጎጂ ተሐዋስያን አሲድ ባለበት ቦታ እንደ ልባቸው አይበዙምና። ይህ ጥበቃ ሙሉ ነበር አልልም፤ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያመልጡት ነበር። ግን ሥርዓት ነበር፤ ሥርዓቱንም ሁሉም የቤት ሰው ያውቀው ነበር።

የላስቲክ ወተት ያንን ሥርዓት ሽሮ በምትኩ ሌላ አመጣ። አዲሱ ሥርዓት ሁለት እግር አለው፤ አንዱ ሙቀት ነው፣ ሁለተኛው ቅዝቃዜ። እኛ የመጀመሪያውን እግር ከፋብሪካው ገዛን፤ ሁለተኛውን መንገድ ላይ ጣልነው። ስለዚህ የአያቶቻችን ወይራም የለን፣ የፈረንጁ ብርድም የለን። ችግራችን ዘመናዊነት አይደለም፤ ግማሽ ዘመናዊነት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ወገን «የፋብሪካ ወተት ኬሚካል ነው፤ ካላመናችሁ አስቀምጣችሁ እዩት፣ እንደ ላም ወተት አይረጋም» ይላል። እውነት ነው፤ እንደ ጥሬ ወተት በራሱ ደኅና አድርጎ አይረጋም። ምክንያቱ ግን ኬሚካል መሆኑ አይደለም፤ የሚያረጉት ተሐዋስያን በሙቀቱ ስለሞቱ ነው። አንድ ማንኪያ እርጎ እንደ እርሾ ቢጨመርበት ይረጋል። ይልቁንስ ልብ ማለት የሚገባን ሌላ ነገር አለ። ጥሬ ወተት ሲበላሽ በኮምጣጣ ሽታው ያስጠነቅቃል። የሞቀ ወተት ግን አንዳንዴ ሳይኮመጥጥ መራራ ይሆናል፣ ወይም ይገማል። በኮምጣጣ ሽታ የሠለጠነው አፍንጫችን ለዚህ ወተት ሁልጊዜ አይበቃም።

ይኸው ወገን መፍትሔውን ከጥሬ ወተት ይፈልጋል። በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ፕላስቲክ ከደጃፉ የሚመጣለትን ወተት «ላሟን አውቃታለሁ» እያለ ሳያፈላ ይጠጣል። ላሟን ማወቅ ጤንነቷን ማወቅ አይደለም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ በ88 የወተት እርባታዎች የሚገኙ 2,956 ከብቶችን መርምሮ ከመቶ 30 ያህሉ ለከብት ነቀርሳ ምርመራ አዎንታዊ ሆነው እንደተገኙ አስታውቋል። መልከ መልካሟ የፈረንጅ ላም ስታመነዥክ በሽታዋ አይታይም። ጥሬ ወተት ተፈጥሮአዊ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት ወንዝ ተፈጥሮአዊ ስለሆነ ይጠጣል እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን «ምንም ይሁን ምን ካፈላሁት ምን ይጎዳኛል?» ይላል። ማፍላት መልካም ልማድ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። በአዳማ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ100 ሳይሆን ከ95 ዲግሪ በታች ቢሆንም፣ ይህ ከ72 ዲግሪ በብዙ ይበልጣል። «ማፍላት ጥቅሙን ያጠፋዋል» የሚለውም የተጋነነ ነው፤ ከቫይታሚኖቹ ጥቂቱ ይቀንሳል እንጂ ካልሲየሙና ፕሮቲኑ አይጠፋም። ግን እሳት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። ተሐዋስያኑ ከመሞታቸው በፊት ወተቱ ውስጥ የጣሉትን መርዝ ሁሉ አያጠፋም። ስታፊሎኮከስ የተባለው ጀርም የሚያመነጨው መርዝ መፍላትን ይችላል፤ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ቀኑን ሙሉ ከሙቀት የዋለ ወተት ማታ ቢፈላ የሞተውን እንጂ የተመረዘውን አይመልስም።

ከዚህም የከፋ እሳትም ቅዝቃዜም የማያሸንፉት አለ። በእርጥብ መጋዘን በተከማቸ መኖ ላይ፣ በተለይም በኑግ ፋጉሎ ላይ፣ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ላሚቱ ትበላዋለች፤ ከፊሉ ወደ ወተቷ ይገባል፤ ለብዙ ጊዜ ከተጠጣ ጉበትን ይጎዳል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ ይህ መርዝ ተገኘ፤ ከአራት አንዱ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበረው። ውጤቱ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ደነገጠ፤ ብዙ ሰው ወተት መግዛት ተወ። የደኸየው ግን ሻጋታው አልነበረም፤ ላም አርቢው ነበር። ከዚህ የምንማረው በየዕለቱ የማይመረመር ነገር አንድ ቀን ሲመረመር ድንጋጤ ይሆናል ማለትን ነው። ድንጋጤ ደግሞ መኖውን አያደርቅም፤ ፍሪጁንም አያበርድም።

«እንግዲያውስ ለወራት የሚቆየውን ወተት እንግዛ» የሚል ይኖራል። ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሴኮንድ ሞቆ ጀርም በማያስገባ ካርቶን የታሸገ ወተት ሳይከፈት ያለ ፍሪጅ ለወራት መቆየቱ እውነት ነው። በጥቅሉ ላይ ያለው ቀን ግን የሚሠራው እስኪከፈት ድረስ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ እንደ ማንኛውም ወተት ነው። ዋጋውም ልጆች ላሉት የቀን ሠራተኛ የሚቀመስ አይደለም። ለጥቂቶች መፍትሔ የሚሆነውን ለከተማ ሁሉ መፍትሔ ብለን ብንጠራው፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆንብናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሕግ አይጎድለንም፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቷል። አዋጅ ግን በየሱቁ ገብቶ ፍሪጅ አያበራም። በየከተማው ያለው የጤና ቁጥጥር ሱቅ ሲገባ የታተመውን ቀን ብቻ አይቶ ከሚወጣ፣ ፍሪጁ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይለካ። ፋብሪካዎቹ ወተታቸውን የሚያስረክቡት ፍሪጅ ላለው ሱቅ ብቻ ይሁን፤ ያልተሸጠውንም መልሰው ይውሰዱ፤ አለዚያ ባለሱቁ ከስሮ ከሚጥለው ይልቅ ሸጦ መገላገልን ይመርጣል። በላስቲኩ ላይም ከቀኑ ጎን «ከ4 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» የሚለው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ከቀኑ በማያንስ ፊደል ይጻፍ። ገዢው የውሉን ግማሽ ብቻ ማንበብ የለበትም።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። በመኝታ ክፍላችን ማቀዝቀዣ የሌለን ተማሪዎች ግማሽ ሊትር ገዝተን ገሚሱን ለማታ መስኮት ላይ ማስቀመጥን እንተው። ሁለት ሆነን እንግዛ፤ አፍልተን በአንድ ጊዜ እንጨርስ። ለታናናሾቻችን ወተት በሚገዛበት ቤትም ይህንኑ እናስተምር፤ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የሚጎዳው እንደ እኛ አንድ ቀን ከክፍል በመቅረት አይደለም፤ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

በመጨረሻም ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለስብሰባና ለባነር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ተቀንሶ ሁለት ቴርሞሜትር ይገዛ። ከየፋኩልቲው ፈቃደኞች ተመርጠው በግቢያችን ዙሪያ ያሉትን ሱቆች ባለቤቶቹን እያስፈቀዱ በሳምንት አንድ ቀን ይለኩ። ማንንም ለማሳጣት አይደለም፤ ፍሪጁ የሚያቀዘቅዝለት ባለሱቅ ውጤቱን በበሩ ላይ ይለጥፍ፤ ደንበኛውም ወደ እሱ ይሂድ። ጎረቤቱ ይህን አይቶ ሶኬቱን ሳይነቅል ያድራል። የተማረ ሰው ነን ካልን፣ ከመማራችን ሕዝቡ የሚያገኘው የመጀመሪያው ጥቅም ይህን ያህል ትንሽና ይህን ያህል የሚለካ ቢሆን አያሳፍረንም።