የለመደ እጅና የነሐሴ ትእዛዝ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በደሴ ከተማ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ገበያ ይደራል። ባለሱቁ ትእዛዙን በነሐሴ ያመጣል፤ በቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊም ሥራው ስለሚበዛበት አዲስ ለማጅ ይቀጥራል። ለማጁ በመጀመሪያው ሳምንት ክር ይበጥሳል፣ ኮሌታ ያጣምማል፣ ጨርቅም ያበላሻል። እጁ መፍታታት ሲጀምር ግን መስከረም ይጠባል፤ ሥራው ያልቅና ይሰናበታል። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ለማጅ ሌላ ኮሌታ ያጣምማል። የዚህ ሁሉ ወጪ በሸሚዙ ዋጋ ውስጥ ገብቶ እንደሚከፈል ባለሱቆች እምብዛም አያስቡበትም።

ልምምድ እጅን እንደሚያቀለጥፍ ከጥንት የታወቀ ነው፤ መጠኑን በቁጥር ከገለጹት አንዱ ቴዎዶር ራይት የተባለ አሜሪካዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። እርሱም በ1936 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ የተሠሩት አውሮፕላኖች ብዛት እጥፍ በሆነ ቁጥር ለአንዱ በአማካይ የሚውለው የሠራተኛ ጊዜ 20 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚሁ ልክ ቢሰላ፣ የመጀመሪያዎቹ 10 ሸሚዞች በአማካይ 100 ደቂቃ የፈጁ እንደ ሆነ፣ ሸሚዞቹ 20 ሲሞሉ አማካዩ 80፣ 40 ሲሞሉ 64 ደቂቃ ይሆናል። አውሮፕላንና ኮሌታ አንድ ስላልሆኑ ስፌት የራሱ ልክ ይኖረው ይሆናል፤ ሆኖም ውዱ ጊዜ የመጀመሪያው መሆኑ አያከራክርም። ለማጁን በመስከረም የሚያሰናብት ሰው ይህን ውድ ጊዜ ከፍሎ ርካሹን ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ኮምቦልቻ ጉዳቱን በትልቁ አይታዋለች። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣቶችን ከስፌት መኪና ጋር አስተዋውቆ ነበር። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሥራው ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። የተዘረፈ መኪና በገንዘብ ይተካል፤ የተበተነ ሠራተኛ ግን ተፈልጎ ካልተገኘ ከመጀመሪያው ሸሚዝ እንደገና መነሣት ግድ ነው።

ስለዚህ ባለሱቆች ከዓመቱ ትእዛዝ ከፊሉን ከጥር ጀምረው በየወሩ ከፋፍለው ለአንድ ሰፊ ቢሰጡ ይበጃል። ገንዘባቸው እስከ ነሐሴ ይታሰራልና ብዙዎች ይህን አይወዱም፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የስፌቱ ዋጋ ከወር ወደ ወር እየቀነሰ እንዲሄድ አስቀድሞ በውል ሊጻፍ ይቻላል፤ ጨርቁንም ባለሱቁ ራሱ በየወሩ የሚያቀርብ ከሆነ ለሰፊው የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ብቻ ይሆናል። ለሙከራ ያህል የመጀመሪያው ውል በአንድ ትምህርት ቤት ሸሚዝ ቢወሰን ይበቃል።